እናቴ የተመረቀች ዕለት

እናቴ በሰባ አንድ ዓመቷ መመረቋን የሰማሁት ከራሷ አፍ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሱቄ ውስጥ የአንድ ሪሲቨር ሆድ ከፍቼ የተቃጠለውን ፊውዝ ስፈልግ፣ ነጠላዋን አጣፍታ የበዓል ጫማዋን አድርጋ ገባችና «ፍሬው፣ እንኳን ደስ ያለሽ በለኝ፤ ተመረቅሁ» አለችኝ። ማን እንደመረቃት ብጠይቃት «ቀበሌ» አለች። ቀበሌ ሲመርቅ ሰምቼ አላውቅም። ቀበሌ ያስጠነቅቃል፣ መዋጮ ይጥላል፣ ስብሰባ ይጠራል፤ መመረቅ የቄስና የሽማግሌ ሥራ ነው። ሪሞት ሊገዛ የቆመው ሰውዬ ግን ነገሩ ቀድሞኝ ገብቶት ኖሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት፤ እየሳቀ ነበር።

«አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር» አለች፣ አሮጌ የስፒከር ሳጥን ላይ እየተቀመጠች። «ወንድምአገኝ ወረቀቱን ይዞ ስም ይጠራል። ‹ወይዘሮ ጥሩሸዋ ኃይለመስቀል፣ ከሴፍቲኔት ተመርቀዋል› ሲል ብድግ ብዬ፣ እጄን ዘርግቼ አሜን አልኩ። ሰዉ እንዴት እንዳጨበጨበልኝ ብታይ!» ወንድምአገኝ የሟች እህቷ ልጅ ነው። ከአራት ዓመቱ ጀምሮ እሷ ናት ያሳደገችው፤ እኔና እሱ ባንድ ዝተት ሥር እየተራገጥን ነው ያደግነው። አሁን የቀበሌው የሴፍቲኔት ጸሐፊ ሆኗል። ያሳደገችው ልጅ በሕዝብ ፊት ስሟን ከነአባቷ ጠርቶ ተመርቀዋል ሲላት፣ ከአሜን ሌላ ምን ትበል?

ለማያውቅ ልንገር። በሴፍቲኔት ቋንቋ ተመረቀ ማለት ራሱን ችሏል፣ ከእንግዲህ ስንዴ አይሰጠውም ማለት ነው። ቃሉን ያወጣው ሰው ራሱ ከአንድም ሁለት ጊዜ የተመረቀ መሆን አለበት። ሰው ከአፉ ስንዴ ሲነጠቅ ምን እንበለው ብለው ተሰብስበው፣ «ተባረረ» ይከብዳል፣ «ተቆረጠበት» ያስኮርፋል፣ «ተመረቀ» ካልነው ግን አሜን ይላል ብለው የተስማሙ ይመስለኛል። አልተሳሳቱም።

የኔ ሙያ የሞተ ቴሌቪዥን ማስነሳት እንጂ መርዶ መንገር አይደለም። ቢሆንም ሰውዬው ሪሞቱን ይዞ እስኪወጣ ጠብቄ ነገርኳት። ጎንበስ ብላ የበዓል ጫማዋን ማሰሪያ ፈታች፤ መልሳም አላሰረችውም። «ታዲያ ምን ሆነው ነው ያጨበጨቡት?» አለችኝ። ስብሰባው ቶሎ እንዲያልቅ ነው አልኳት። «በዚህ አገር የተመረቀ ሁሉ እቤት ነው የሚቀመጠው» አለች። «የጎረቤታችን የምንይሉ ልጅ ዲግሪ ይዞ አራት ዓመት ሞላው፤ እናቱ ቤት ጋደም ብሎ ነው የሚውል። እኔስ የማን እናት ቤት ልግባ?»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ እኔን የነካኝ፤ ምክንያቱም እናት ቤት ባይኖራት የልጅ ቤት አላት፣ ልጁም እኔ ነኝ። በወር የምታገኘው አሥራ አምስት ኪሎ ስንዴ ነው። እኔም አልፎ አልፎ ዘይትና ስኳር እወስድላታለሁ፤ ልጅ ነኝ፣ ድንጋይ አይደለሁም። ግን ስንዴው ለሷ ስንዴ ብቻ አይደለም። «የልጅን እንጀራ ምራት ትቆጥረዋለች፤ የመንግሥትን ስንዴ ማንም አይቆጥርብኝም» ትላለች። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ከከተማው ዳር ባለችው የድንጋይ ቤቷ ብቻዋን የምትኖረው በዚያ ስንዴ ነው። ስንዴው ከቀረ ዝተቷን ጠቅልላ ወደኔ ሁለት ክፍል መምጣቷ ነው። ባለቤቴ እፀገነት ደግሞ ደግ ሴት ናት፤ ደግነቷ ግን ሁለት ክፍል ነው። «ቅሬታ ያለው እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ያመልክት ብለዋል» አለች እናቴ። ሱቁን ዘግቼ ወጣሁ።

የከተማችንን ስም አልናገርም፤ ዘመዶቼ ይቀየሙኛል። ከራቤል የሚነሳው አውቶቡስ ብርድ ሊያራግፍ የሚቆምባት ከተማ ናት ካልኳችሁ ይበቃል። በሰኔም በጥርም በርኖስ የማይወልቅባት፣ ከሰው ይልቅ በግ መንገድ የሚያቋርጥባት፣ ግማሹ ጣሪያ ላይ ዲሽ የተተከለባት። ዲሾቹን የተከልኳቸው እኔ ነኝ። ቤት አፍርሶ የማይሠራ ሰው እንኳ ዲሽ ያስተክላል፤ ገብስ እንደ ዘንድሮ ውርጭ ሲመታው የክፍያው ቀን ይገፋል እንጂ ድራማው አይቋረጥም። በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም።

ቀበሌ ስደርስ ወንድምአገኝ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሯል። ከጎኑ ሊቀመንበሩ አቶ አባይነህ ቆሎ ይቆረጥማሉ። እናቴን ምን ሞላላትና ነው የመረቃችኋት ስለው፣ ወንድምአገኝ ቀና ሳይል ቅጹን ስቦ አነበበልኝ። «ቴሌቪዥን፦ አለ። ሁኔታው፦ ይሠራል። መጠኑ፦ ሃያ አንድ ኢንች።» ሳቄ አመለጠኝ። በእናቴ ቤት ያለውን ብቸኛ ቴሌቪዥን የሰጠኋት እኔ ነኝ። የዛሬ ሰባት ዓመት አንድ ደንበኛ ጀርባው እንደ ጎታ ያበጠ ቴሌቪዥን አምጥቶ ሳይመለስ ቀረ። መስታወቱንና የሆድ ዕቃውን አውጥቼ ለመለዋወጫ ሸጥኩት፤ ባዶ ቀፎውን እናቴ ወሰደችው። ገለባ ጎዘጎዘችበት፤ ዶሮዋ በየዓመቱ እዚያ ውስጥ ታቅፋለች።

«እዚያ ውስጥ ዶሮ ነው ያለው» አልኩት። «ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ» አለ። እቴቴ እያለ የሚጠራትን አሳዳጊውን «ራሳቸው» ሲላት ጆሮዬን ጠረጠርኩ። «ዳንቴል አልብሰውታል። ቴሌቪዥን ነው ስላቸው፣ አዎ የፍሬው ቴሌቪዥን ነው አሉ። ስንት ነው ስላቸው፣ ሃያ አንድ ነው አሉ። ይሠራል ወይ ስላቸው፣ እግዜር ካለ አሉ። ገልጬ ልየው ብል ዓይን ይገባበታል ብለው ከለከሉኝ።» አቶ አባይነህ ቆሏቸውን አቁመው ሁለታችንን ያዩናል።

አሁን ሁሉም ተገለጸልኝ። ወንድምአገኝ የመዘገባት የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው፤ እናቴ ዶሮዋን ባስታቀፈች ዕለት መሆን አለበት። የታቀፈች ዶሮ ዓይን አትችልም፤ የሰው ዓይን ካረፈባት እንቁላሉ ይገማል፤ ስለዚህ ትሸፈናለች፣ ስለሷም ለእንግዳ አይወራም። እንቁላል ጫጩት እስኪሆን ደግሞ ሃያ አንድ ቀን ነው። እሱ ኢንች ይጠይቃል፣ እሷ ቀን ትመልሳለች። «አንተ እዚሁ መንዝ ተወልደህ፣ ያውም እዚያው ቤት አድገህ፣ የታቀፈች ዶሮ ጠፋችህ?» አልኩት። ጠረጴዛው ሥር እግሩን ሲያወዛውዝ አየሁት፤ በልጅነቱ ማር ሰርቆ ሲያዝም እንዲህ ነበር የሚያደርገው። «ቁጭ ብዬ አላጣራሁም» አለ ቀስ ብሎ። «አክስቴ ናቸው። ቁጭ ብዬ ቡና ብጠጣ፣ ለዘመዱ አደላ ይሉኛል። ከበር ላይ ቆሜ ነው የጻፍኩት።»

የዚህ አገር ነገር እንዲህ ነው። ዘመድ ያለው ባለሥልጣን ወይ ለዘመዱ ያደላል፣ ወይ አላዳላም ለማለት ዘመዱን ያስርባል። መካከሉ ላይ የቆመ እስካሁን አላየሁም። ይህን ልናገር አፌን ስከፍት አቶ አባይነህ ቀደሙኝ። «ለመሆኑ አንተ እናትህን አትጦርም እንዴ? ባለ ሱቅ ነህ፣ የቤትህ ቴሌቪዥን ግድግዳ ያህላል ይባላል» አሉኝ። ልክ ናቸው ለማለት ኩራቴ አልፈቀደም፣ ተሳስተዋል ለማለት ደግሞ የቴሌቪዥኑ መጠን እውነት ነው። ሁኔታዬ አሳዘናቸው መሰለኝ፣ «ይሁን፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መጥተን በዓይናችን እናያለን» ብለው ቆሏቸውን ቀጠሉ።

ምሳ ልበላ ቤት ገባሁ። ግድግዳ የሚያህለው ቴሌቪዥን እንደ ወትሮው በርቷል። እኔና እፀገነት ፊት ለፊት ተቀምጠን ከበላን ዓመታት አልፈዋል፤ ጎን ለጎን ተቀምጠን እሱን እያየን ነው የምንበላው። በዚህ የሚስቁ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን ቴሌቪዥን ባይኖር ኖሮ በከተማችን ስንት ትዳር እንደሚፈርስ ከማንም በላይ አውቃለሁ። መብራት ሲጠፋ ባልና ሚስት ተያይተው ምን እንደሚባባሉ ሲጨንቃቸው አይቻለሁ፤ ሪሲቨራቸው የተበላሸባቸው ደግሞ ሱቄ ድረስ ተጣልተው ነው የሚመጡት። ያን ቀን የሚታየው አንዲት ሴትዮ በአርባ ዶሮዎች መካከል ቆማ «ድሮ ተረጂ ነበርኩ፣ ዛሬ ተመርቄያለሁ» ስትል ነበር። ጥርሷ ያምራል። ጋዜጠኛው ማይኩን ለዶሮዎቹም ጭምር ያስጠጋል።

የሆነውን ነገርኳት። እፀገነት የያዘችውን ጉርሻ መልሳ አኖረች፤ ዓይኗን ግን ከዶሮዎቹ ላይ አላነሳችም። እኔም አላነሳሁም። ሴትዮዋ አርባውን ዶሮ አስቆጥራ ጨረሰች። «እንግዲህ እናትህ እዚህ ልትመጣ ነው» አለች እፀገነት፤ ጥያቄ አልነበረም። «ካልተስተካከለ» አልኩ። «እናትህን አልጠላትም፣ ታውቃለህ» አለች። «ግን እሷም የኔን ወጥ እያየች ዝም አትልም፣ እኔም የሷን ዝምታ እየሰማሁ አልበላም።» ከዚህ የበለጠ እውነት በዚያ ቤት ተነግሮ አያውቅም። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረግነው።

እናቴ ቤት ስደርስ መደቡ ላይ ተቀምጣ የበግ ጸጉር ትፈትላለች። እንደሚመጡ ልኬባት ስለነበር ቤቷን ጠርጋ፣ ኩበቱን ከደጅ ወደ ጓሮ አዙራ፣ በሩ አጠገብ ለመቀመጫ ሦስት ዱካ አሰልፋለች። ከመደቡ ራስጌ፣ የእንጨት ሳጥን ላይ፣ ቴሌቪዥኑ ዳንቴሉን ለብሶ ተቀምጧል። ዳንቴሉን የሠራችው እፀገነት ናት፣ በተጋባን ዓመት። ለአማቷ የሰጠችው ብቸኛ ስጦታ ስለሆነ እናቴ ከሰባት ዓመት በፊት ሳጥን ውስጥ ታስቀምጠው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዶሮዋ ትለብሰዋለች። ከውስጡ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። «ዛሬ ሃያ አንዱ ሞላ» አለችኝ በሹክሹክታ፤ ፊቷ ላይ ከጠዋቱ ሐዘን ምንም አልነበረም።

ሦስት ሆነው መጡ፤ አቶ አባይነህ፣ ወንድምአገኝ፣ የእንስሳት ባለሙያዋ ዓለምፀሐይ። አቶ አባይነህና ዓለምፀሐይ ዱካ ያዙ። «ተቀመጥ እንጂ፣ ያደግህበት መደብ ነው» አለችው እናቴ ወንድምአገኝን። «ይቅርታ ወይዘሮ ጥሩሸዋ፣ ሥራ ላይ ነን» አላት። እንዝርቷ ቆመ። ወይዘሮ የሚለውን ቃል እንደማታውቀው ሰው ለአፍታ ካየችው በኋላ መልሳ መፍተል ጀመረች። አቶ አባይነህ ተነሥተው ዳንቴሉን ሊገልጡ ሲሉ «መጀመሪያ ሁላችሁም ትፍ ትፍ በሉ» አለቻቸው። አሉ። የቀበሌ ኮሚቴ ለቴሌቪዥን ትፍ ትፍ ሲል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዳንቴሉ ተነሣ። መስታወት በነበረበት መስኮት መሀል ዶሮዋ እንደ ዜና አንባቢ ፊቷን ወደኛ አድርጋ ተቀምጣለች። በግራና በቀኝ ክንፏ ሥር ቢጫ ራሶች ብቅ ጥልቅ ይላሉ። አቶ አባይነህ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «እውነትም ይሠራል!» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። ከዚያ ቅጹን ከወንድምአገኝ እጅ ወስደው፣ ሃያ አንድ ኢንች የሚለው ላይ በረጅሙ ሰርዘው፣ ከጎኑ ፈረሙ። ደስታዬን ልደብቅ አልቻልኩም፤ ጉልበታቸውን ልስም ምንም አልቀረኝም። እናቴም «ተመስገን» ብላ ከጋኑ ጠላ ልትቀዳ ተነሣች።

«አሥራ አንድ» አለች ዓለምፀሐይ። እስካሁን አጎንብሳ ስታይ ነበር። «አትቁጠሪብኝ ልጄ» አለች እናቴ ደንግጣ። እሷ ግን ቆጥራ ጨርሳለች። የያዘችውን መመሪያ ገለጠች፤ «ከእናቲቱ ጋር አሥራ ሁለት። ከአሥር በላይ ከሆነ በዶሮ እርባታ የተሰማራ ይባላል፤ የቴሌቪዥኑ ቢሰረዝም በዚህኛው ይመረቃሉ። እንዲያውም ሞዴል ሊሆኑ ይችላሉ» አለች፣ በቅን ልብ፣ እናቴን ፈገግ ብላ እያየች። ዛሬ ጠዋት ከቅርፊት የወጣ ነፍስ፣ ገና ጭልፊት ያላየው፣ ብርድ ያልነካው፣ እንዴት እርባታ ይባላል ብዬ ጮኽኩ። አቶ አባይነህ ባርኔጣቸውን አዟዟሩ። «መመሪያ ነው» አሉ። «በምዝገባው ዕለት ካልነበሩ ግን አይቆጠሩም። ወንድምአገኝ፣ መዝጋቢው አንተ ነህ። ያን ዕለት ዶሮ ነበር ወይስ እንቁላል?»

ሁላችንም ወደሱ ዞርን። አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅበት፤ እንቁላል ማለት። ሁላችንም እናውቃለን፣ እስኪፈለፈል ሃያ አንድ ቀን እንደቀረው፣ ኢንች ብሎም ቢሆን፣ ራሱ ነው የጻፈው። አፉን ከፈተ። እናቴን አየ፣ ዓለምፀሐይን አየ፣ ቅጹን አየ። ለአክስቱ አደላ የሚለው ነገር ግንባሩ ላይ ሲጻፍ በግልጽ ይነበብ ነበር። «ተሸፍኖ ስለነበረ፣ ማረጋገጥ አልቻልኩም» አለ። አቶ አባይነህ ቃተቱና በዶሮ እርባታው ላይ ሁለተኛውን ፊርማ ፈረሙ። ያን ጊዜ ወንድምአገኝን ከመምታት የያዘኝ፣ እኔም ባለ ግድግዳ ቴሌቪዥኑ ልጅ መሆኔ ነው፤ አፈርኩ። እናቴ የጠላውን ጣሳ እንደያዘች ወደኔ ዞረችና፣ «እፀገነት ዶሮ ትወዳለች?» አለችኝ። ዕቃዋን መሸከፍ የጀመረችው በዚያች ጥያቄ ነው።

ሊሄዱ ተነሡ። በአገራችን ከአዛውንት ቤት ሳይመረቁ መውጣት ነውር ነው፤ ስለዚህ ሦስቱም፣ ያን ሁሉ አድርገውም፣ በር ላይ ቆመው አንገታቸውን ደፉ። አቶ አባይነህ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እናቴ ጣሳውን አኖረች፣ እጆቿን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ ላይ ዘረጋች።

«ዕድሜ ይስጣችሁ ልጆቼ።»

«አሜን።»

«ጎተራችሁን ይሙላው።»

«አሜን።»

«ከክፉ ዓይን ይሰውራችሁ።»

«አሜን።»

«እኔን እንደመረቃችሁኝ፣ እናንተንም ከነወንበራችሁ ይመርቃችሁ።»

«አሜን» አሉ ሦስቱም ባንድ አፍ። እኔም ብያለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ከሁሉ የጮኽኩት እኔ ነኝ።

የአቶ አባይነህ ባርኔጣ ራሳቸው ሳይደርስ አየር ላይ ቀረ። ዓለምፀሐይ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ እግራቸው ሥር የወደቀ ነገር የሚፈልጉ ይመስል አቀርቅረው ወጡ፤ በግ እየገፈተሩ ቁልቁል ሲወርዱ በበሩ አየኋቸው። ወንድምአገኝ ብቻ ደፉ ላይ ቀረ። ቅጹን ደረቱ ላይ አጣብቆታል። ሊሄድ ዞረ፣ ተመለሰ።

«እቴቴ» አላት። ከጠዋት ጀምሮ የጠፋው ስም ነበር። «አሁን ያልሽው ምርቃት ነው እርግማን?»

እናቴ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄዳ ዳንቴሉን ቀስ ብላ ወደ ቦታው መለሰችው።

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ» አለችው። «ቅጽህ ላይ እየው።»